የፍቼ መርዶና ዘይት የምታፈሰው መኪና

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከጊዮርጊስ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው መንገድ ዳር አባባ ጋራዥ ነበራቸው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የግቢያችን ግማሽ ነው። ላዩ ቆርቆሮ፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ፣ መሀሉ ላይ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ። እናቴን ሳላውቃት ስላጣኋት ያደግኩት እዚያው መኪና ሥር ነው ማለት ይቻላል። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያገኘሁት ከአባባ አፍና ከሰው መኪና ነው፤ መጽሐፍ ማንበቡ በኋላ ነው የመጣው።

በዚያ ጊዜ የአባባን ዓይን ሞራ ሸፍኖት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ስለዚህ እኔ አያለሁ፤ እሳቸው ይነካሉ፣ ያሸታሉ፣ ያዳምጣሉ። አዲስ ደንበኛ መጥቶ፣ "መካኒኩ የታለ?" ሲል፣ "ግማሹ እኔ ነኝ፣ ግማሹ ያችውልህ" ይሉታል። ሰውየው ቀና ብሎ ቱታ የለበሰች ሴት ልጅ ያያል። አንዳንዱ መኪናውን አዙሮ ይሄዳል። አብዛኛው ግን ይቆያል፤ በደርግ ጊዜ መካኒክ አማርጦ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጣ። የአባባ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሾፌር፤ ሳይቀልድ ደጅ የማይገባ የአራዳ ልጅ። የዚያን ዕለት ሳይቀልድ ገባ። የያዝኩትን ካቻቪቴ ከእጄ ወስዶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ወንድም ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"ምነው፣ ቤቱን ገዛኸው እንዴ?" አሉ አባባ።

"ይቀመጡ፣ ግድ የለም።"

ተቀመጡ። ነገራቸው። የእህታቸው፣ የፍቼዋ አክስቴ ልጅ ሞቷል። ሰሜን፣ ጦር ሜዳ። አብሮት የዘመተ ጓደኛው ቆስሎ እዚህ ሆስፒታል ተኝቶ ኖሮ፣ አጎቴን አስጠርቶ ነው የነገረው። ከመንግሥት የመጣ ነገር የለም። ከመንግሥት ቢመጣም ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ልጁ የአክስቴ ይባል እንጂ ያደገው እኛ ቤት ነው። ለትምህርት ብላ በልጅነቱ አምጥታ ሰጠችን፤ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ በልቶ፣ በአንድ ፋኖስ አጥንቶ፣ በኔ ተሰድቦ ነው ያደገ። ለብሔራዊ ውትድርና ፒያሳ መሀል መንገድ ላይ ሲይዙት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ለእናቱ የላክንላት መልእክት፣ "ደህና ነው፣ ሠልጥኖ ይመለሳል" የሚል ነበር።

አፌን ልከፍት ስል አባባ እጃቸውን አነሡ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም።

"እናቱ ሳትረዳ አይለቀስም" አሉ።

ደንቡ እንደዚያ ነው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና የንስሐ አባት ተሰብስቦ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ድምፁን አያሰማም። እኛ ሰፈር ደግሞ ከሰላሌ የመጣ ሰው ሞልቷል። አንዷ ጎረቤት ጩኸቴን ብትሰማ ወሬው በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ፍቼ ይወርዳል። አክስቴ ሻይ ቤት ያላት አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። የልጇን ሞት ሻይ ከምትቀዳለት መንገደኛ ትሰማለች ማለት ነው። አባባ የፈሩት ይህንን ነበር። የቀረን ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ ከኛ አፍ እንድትሰማ፣ በወጉ።

አፌን ዘጋሁ። ካቻቪቴዬን አንሥቼ የጀመርኩትን ቡሎን ፈታሁ። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ ሲወጓችሁ ድዳችሁ የሌላ ሰው የሚሆነውን ታውቁት የለ? እንደዚያ፤ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ።

በአውቶቡስ እንዳንሄድ ከፍቼ ሰዎች ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ነው፤ ስንወርድም የምናርፈው አክስቴ ደጅ ላይ ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። የቀረችው የአጎቴ መኪና ናት። በመኪና ማምሻውን ደርሰን የንስሐ አባቷ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ እዚያ እናድራለን፤ ጎህ ሲቀድ እንሄድባታለን።

ያቺ መኪና፣ አጎቴ ያሽከረክርለት የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ በርካሽ የለቀቀለት፣ ያረጀች ረዥም ቡናማ የቤት መኪና ናት። ናፍታ ነው የምትጠጣ፤ ደግሞ ቱርቦ አላት። ቱርቦ ለማታውቁ፣ የሞተሩ ጭስ ሲወጣ እግረ መንገዱን የሚያሽከረክራት፣ እሷም በፈንታዋ ለሞተሩ አየር በግድ የምታጎርስ ትንሽ መዘውር ናት። የምትሽከረከረው ዘይት ላይ ተንሳፍፋ ነው። ስለዚህ እሷ ከተበላሸች የሞተሩን ዘይት ትጨርሰዋለች፤ ዘይቱ ሲያልቅ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ፒያሳ ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና ብርቅ ነበረች። አጎቴ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ሲወጣባት ፉጨቷን ሰው ይስማልኝ ብሎ መስኮት ያወርዳል።

ግን ታፈሳለች። የቆመችበትን ሁሉ በጥቁር ዘይት አትማ ነው የምትሄደው። ቸርችል ጎዳና ግርጌ ያለ አንድ መካኒክ አንድ ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ፣ "ቱርቦዋ ሄዳለች፣ መለዋወጫ የለም" ብሎ ዘግቶታል። እውነቱን ከሆነ እንጦጦን እንኳ ሳንሻገር ዘይቷን ጨርሳ ትቆማለች። እኛ መንገድ ላይ እንቀራለን፤ መርዶውም በሌላ ሰው አፍ ይደርሳል። ስለዚህ ማወቅ ነበረብን፤ ቱርቦዋ ናት ወይስ ሌላ?

ማክሰኞ አጎቴ የይለፍ ወረቀት ሊያወጣ ቀበሌ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ላብ አጥምቆታል።

"ተሰጠህ?" አሉ አባባ።

"ቅዳሜ መውጫ ተሰጠኝ። ብቻ ጸሐፊው 'ለምን ጉዳይ?' አለኛ። ከኋላዬ ሰልፉ ሁሉ ጆሮ ነው። 'ለሠርግ' አልኩት።"

"ለሠርግ?"

"ታዲያ ምን ልበል? ለለቅሶ ብል የማን ሊሉኝ ነው። ታመውብኝ ብል ማን ሊሉኝ ነው። ግንቦት አይደል፣ ያልተዳረ የቀረው እኔ ብቻ ነኝ።"

"ደህና" አሉ አባባ። "ሠርግ ክፉ ወሬ አይደለም።" ሦስታችንም ተስማማን። እንዲያውም ጥሩ መሸፈኛ መስሎን ነበር።

ሐሙስ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆምናት። ከሥሯ ገባሁ። ከሆዷ ያልረጠበ ብረት የለም።

"ከየት ነው?" አሉ አባባ ከላይ።

"ከሁሉም ቦታ ነው፣ አባባ።"

"ሁሉም ቦታ የሚባል ቦታ የለም። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ መኪና ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበትን ተይው፣ እሱ መጨረሻው ነው። ከሁሉም በላይ ያለውን፣ ከሁሉም ፊት ያለውን እርጥብ ፈልጊልኝ።"

ሁሉም እርጥብ ሲሆን በላይና በታች አይለይም። ስለዚህ ማጠብ ነው። ቀኑን ሙሉ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጠብኳት። ጋዙ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ይታወቀኝ ነበር፤ እንደ ወሬ ነው እንጂ እንደ ሕመም አልነበረም። አጎቴ ጨርቅ ያቀብለኛል። ስትደርቅ ቱርቦዋን ለማየት አየር የሚያስገባላትን የጎማ ቱቦ ፈታሁ።

"ጣትሽን ስደጂና መዘውሯን ያዣት" አሉ አባባ። "ትዞራለች?"

"ትዞራለች።"

"ነቅንቂያት። ግድግዳውን ትነካለች?"

"ትንሽ ትላወሳለች። አትነካም።"

"ዘይትስ አለ?"

"ላብ ያህል።"

"ላብ የጤና ነው። ኩሬ ብታገኚ ነበር የምፈራው።"

"ታዲያ ያ የቸርችሉ ሰውዬ ሞታለች አለኝ እኮ!" አለ አጎቴ ጮክ ብሎ።

አባባ ወደ አጥሩ ዞሩ። "ቀስ" አሉት። "ያን ቃል እዚህ ግቢ ውስጥ አትጥራው።" አጎቴ አፉን በመዳፉ ያዘ። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን በርበሬ ሲያሰጡ ይሰማናል።

ዓርብ ጠዋት ጠመኔ ፈጭቼ፣ በስስ ጨርቅ ቋጥሬ፣ የታጠበው ሞተር ላይ አራገፍኩበት። የአባባ ዘዴ ነው፤ ነጭ ላይ ዘይት አይደበቅም። ሞተሩ የዳቦ ቤት ሠራተኛ መሰለ። አስነሥተን ቆማ ሠራች። ጠብታ የለም።

"ቆማማ ማን ያፈሳል" አሉ አባባ። "ትሸከምና እንያት።"

ሦስታችንም ገብተን ወደ አዲሱ ገበያ ወጣን። አጎቴ ዳገቱ ላይ አጥብቆ ረገጠላት፤ ፉጨቷ መጣ። አባባ ጆሯቸውን ወደ ፊት ሰጥተው ተቀምጠዋል። "ፉጨቷ ንጹሕ ነው" አሉ። ተመልሰን ኮፈኑን ስከፍት ነጩ ላይ ቡናማ መስመር ወርዷል። አንድ አይደለም። ከላይ ከሞተሩ ክዳን ዙሪያውን፣ ከዘይት መለኪያው ዘንግ ሥር፣ ቱርቦዋ ዘይት ከምትመልስበት ቱቦ፤ በአንዴ ከሁሉም።

"አሁንም ሁሉም ቦታ ነው" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

አባባ አሰቡ። "በየመጋጠሚያው ያለ ጋስኬት ሁሉ ተማክሮ ባንድ ቀን አያረጅም። የሚገፋው ነገር አለ። አስነሺያትና የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺ።"

አስነሣሁ። ክዳኑን ሳላላው እጄ ላይ ዘለለ፤ ጭስ ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። አባባ እየዳበሱ መጥተው መዳፋቸውን ቀዳዳው ላይ ከደኑ።

"ውስጧ ታፍኗል" አሉ። "ወይ ፒስተኖቹ አልቀው ነው፣ ያኔ አለቀልን። ወይ መተንፈሻዋ ተዘግቷል። ከክዳኑ ተነሥቶ ወደ አየር መሳቢያው የሚሄድ የጎማ ቱቦ አለ። ተከተይው።"

ተከተልኩት። ጎማው መሀሉ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ሽቦውን ስፈታው ከውስጥ አንድ ነገር ተወትፏል። በካቻቪቴ ፈልቅቄ አወጣሁት። ጥቁር ሆኗል፣ ግን ምን እንደሆነ ይታወቃል።

"ቡሽ ነው" አልኩ። "የጠርሙስ ቡሽ።"

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱማ... እኔ ነኝ። ጎማው ተቀዶ ሽታው ወደ ውስጥ እየገባ ፈረንጁን ያስለው ነበራ። እኔም እንዳይሸተው ብዬ ከራሱ ጠርሙስ..."

"መቼ ነው?"

"ቆየ።"

"ማፍሰስ የጀመረችውስ?"

አጎቴ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየ። "እንግዲህ፣ ሲያስቡት፣ ከዚያ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም።"

"አንተ!" አሉ አባባ። "አፍንጫዋን ደፍነህ አፏ ለምን ያፈሳል ትለኛለህ? ያ ፈረንጅ ሲጠጣ አብረኸው ነበርክ መሰለኝ!"

ሳቅኩ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ ሆዴ ውስጥ መልኩን ሊለውጥ ሲል ታወቀኝና የቱታዬን እጅጌ ነከስኩ። ልክ በዚያ ሰዓት የግቢው በር ተበርግዶ እልልታ ገባ።

ጎረቤታችን ናቸው። እጃቸው በርበሬ እንደሆነ፣ ነጠላቸውን መሬት እየጎተቱ፣ "እልልልል!" እያሉ።

"ደበቃችሁኝ አይደል? ራሳቸው ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ሰነበትኩ! ደበቃችሁኝ! ልጄ መጥቶ፣ ሊዳር ተነሥቶ፣ እኔ ከሰልፍ ልስማ? ያሳደግኩት ልጅ! ስንት ባልዲ ውኃ የቀዳልኝ!"

የማን ሠርግ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም ነበር። ግን ፍቼ ሌላ ማን አለን? የአክስቴ ልጅ አንድ ነው። ሠርግ ካለ እሱ ነው፤ እሱ ከተዳረ ደግሞ ከውትድርና ተመልሷል ማለት ነው። ሰልፉ ሁሉ እንደዚያ ደምሮታል። እኛ ሦስታችን ብቻ ነን ያልደመርነው።

አጎቴ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ቡሹን በመዳፌ ጨብጬ ቆምኩ። አባባ ዘይት ያጠቆረውን እጃቸውን ዘርግተው፣ ድምፅ ወደመጣበት ዞረው፣ "አሜን" አሉ። "አሜን፣ እትዬ። ለእርስዎም ልጆች ያድርግልዎ።"

"አሜን! እናቱ እንዴት ሆና ይሆን? የእህቴ ልጅ ረቡዕ ፍቼ ወርዳለች፤ በይ የምሥራቹን ቀድመሽ አድርሽላት ብያታለሁ። የምሥራቹን ስጦታ ለእኔ ትላክልኝ!" ጉንጬን ስመው፣ "ምነው ፊትሽ? ጠመኔ ነው? አንቺ ደግሞ መቼ ነው የምትዳሪልን?" ብለው እየሳቁ ወጡ።

ሞተሩ ብቻ ይሠራል። አክስቴን ከክፉ ወሬ ስንጠብቃት፣ ረቡዕ ዕለት ደግ ወሬ ደርሷታል። አባባ መዳፋቸውን መልሰው የዘይቱ ቀዳዳ ላይ አደረጉ።

"አሁን አይገፋም" አሉ። "ፒስተኖቿ ደህና ናቸው። አዲስ ጎማ ቁረጭላት።"

አጎቴ፣ "ወንድም ጋሼ፣ አሁኑኑ እንሂድ" አለ። ወረቀቱ ግን የሚለው ቅዳሜ ነው፤ በዓርብ ከኬላው የሚያሳልፍ የለም። ጎማውን ቆረጥኩ፣ አሰርኩት፣ የክዳኑን ቡሎኖች በየተራ አጠበቅኩ። ቸርችል ጎዳናን አንድ ጊዜ ወርደን ወጣንበት። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራልን አባባ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኝ ነበር። ያን ቀን አላደረጉም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ቅዳሜ ወጣን። ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አንብቦ፣ "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለን። አጎቴ አመሰገነው። እንጦጦን ተሻገርን፤ ሱሉልታ ሜዳው ለምልሟል፣ ከብቶቹ ቀና እያሉ ያዩናል። ጫንጮ ላይ አቁመን የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ መዘዝኩ። አጎቴ አየኝ።

"አልቀነሰም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ገብቶ ተቀመጠ።

ፍቼ ሳንገባ ወደ ንስሐ አባቷ ቤት ታጠፍን። ቄሱ በር ላይ ተቀበሉን። መኪናዋን፣ ከዚያ ፊታችንን አዩና ሁለቱ አልገጠሙላቸውም። አባባ ነገሯቸው። ቄሱ እንደቆሙ ግንቡን ያዙ።

"እሷ እኮ" አሉ፣ "ከረቡዕ ጀምሮ ቤቷን ስትለቀልቅ ነው የሰነበተችው። ጠላ ጠንስሳለች። ትናንት እኔን 'ንስሐ አባት፣ ተክሊል ነው ወይስ ቁርባን?' ብላ ጠይቃኛለች።"

አባባ እስከ መጨረሻው ሰሙ። "ከኛ አፍ ትሰማለች" አሉ።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ቀስቅሰናት እንነግራታለን ብለን ነበር፤ መርዶ ሲሄዱ ሰው ከእንቅልፉ ነው የሚነሣው። አክስቴ ግን ነቅታ፣ በሩን ከፍታ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ደጅ ቆማለች። የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ሰምታለች። አጎቴ ሞተሩን አጠፋ። አክስቴ እኛን አላየችም፤ ከኋላችን ነበር የምታየው፣ የመኪናዋን የኋላ በር። ከዚያ ማን ይወርዳል ብላ። የወረዱት ቄሱ ናቸው።

ቄሱን አየች። ሰዓቱን አየች። የአባባን ነጠላ አለባበስ አየች።

"ወንድም ጋሼ" አለች ቀስ ብላ፣ "ሠርግ ነው አላሉም?"

አባባ አያዩዋትም፤ በድምፅዋ ተመርተው ሄዱና እጇን ያዙ። "ልጅሽ የለም፣ እቴዋ" አሉ። "ሠርግ አልነበረም። እናቱ ሳትሰማ አይለቀስም ብለን ነው።"

አጎቴ ያን ጊዜ ጮኸ፤ ስድስት ቀን የያዘውን ሁሉ። ጎረቤቱ እየሮጠ መጣ። ማልቀስ ተፈቅዶልኝ ነበር። እንባዬን ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ቄጠማውን ስሰበስብ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ቄጠማ አይሆንም ብዬ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በጣም ቆይቶ ነው፣ እሱም በማይረባ ነገር።

አባባና አጎቴ የይለፍ ወረቀቱ በሚያበቃበት ቀን ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ እኔ ላግዛት ቀረሁ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች የሠርጉን ጥንስስ ድፊው፣ ገላግዪን አሏት። "ይድረስ" አለች። በየቀኑ ጠዋት ክዳኑን ከፍታ ታየው ነበር። በደረሰ ቀን ራሷ አጠለለችው፤ ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጠው ሁሉ እየዞረች ቀዳች፣ አንድ ሰው ሳታልፍ። ሲያልቅ ጋኑን አጥባ ፀሐይ ላይ አፉን ወደ ታች ደፋችው። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ሻይ ቤቷን ከፈተች፤ የጠዋቱ አውቶቡስ ደርሶ ነበር።